ዛፍም አገር አለው
ስለ ደን የዘር ሀብት ጥናትና ጥበቃ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጉባኤ ላይ በደባርቅ ከተማ የተደረገ ንግግር)




የጉባኤው አዘጋጆች ስለ ደን እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ መጀመሪያ ግር ብሎኝ ነበር። እኔ በትምህርቴም በሥራዬም መሐንዲስ ነኝ፤ የማውቀው የውሃ መውረጃ ቦይን፣ የድጋፍ ግንብንና የመንገድ ጠርዝን ነው። ይሁን እንጂ ጥያቄውን ያቀረቡልኝ ሰዎች በአምባራስ የደረሰብኝን የሚያውቁ ስለነበሩ እምቢ ለማለት አልተቻለኝም። ስለሆነም የዛሬው ንግግሬ በከፊል ትምህርት፣ በከፊል ደግሞ ኑዛዜ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላስታውቅ።

በአምባራስ የሆነው

ትናንት ወደ ተራራው የወጣችሁ ሁሉ አምባራስን አይታችኋል። ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች፣ ገብስ የሚበቅልባት፣ በበጋ ሌሊት ውርጩ አጥንት ዘልቆ የሚሰማባት መንደር ናት። ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጥቂት ዓመታት በኋላ ከመንደሯ በታች ባለው ተዳፋት ላይ አንድ ቦረቦር የማስተካከል ሥራ ተሰጠኝ። ሥራው ቀላል ነበር። ክትር እንሠራለን፣ ውሃውን ወደ ቦይ እንመልሳለን፣ በመጨረሻም አፈሩን እንዲይዝ ዛፍ እንተክላለን። በውሉ ላይ ስለ ዛፉ የተጻፈው አንድ መስመር ብቻ ነበር፤ «አገር በቀል ችግኝ፣ ብዛት 4000፣ ቁመት ከ30 ሳንቲ ሜትር ያላነሰ» ይላል።

ሐምሌ ላይ ችግኙ በመኪና ተጭኖ መጣ። አብዛኛው ኮሶ ነበር። ለምለምና ወዝ ያለው፣ ቁመቱም ውሉ ከጠየቀው የሚበልጥ ነበር። ቆጠርነው፣ ተከልነው፤ ነሐሴ ላይ የርክክቡን ሰነድ ፈረምኩ። ዘሩ ከየት እንደተለቀመ አልጠየቅሁም። መጠየቅ እንደሚገባኝም አላውቅም ነበር።

በጥር ለሌላ ሥራ በዚያው ሳልፍ ተዳፋቱን ለማየት ወረድኩ። ክትሩ በቦታው አለ። ችግኙ ግን ቅጠሉ እንደተቀቀለ ጎመን ጠቁሮ ቆሞ ደርቋል። በሕይወት ያለውን ስቆጥር መቶ እንኳ አልሞላም። አንድ አረጋዊ ከብቶቻቸውን እየነዱ አጠገቤ ደርሰው ቆሙ።

«አባቴ፣ ከብት ነው የጨረሰው?» አልኳቸው።

«ከብትስ አልነካውም፣ ልጄ። ውርጭ ነው የበላው» አሉኝ።

«ኮሶ የደጋ ዛፍ አይደለም እንዴ? እዚሁ መንደራችሁ ውስጥ ቆሞ አየዋለሁ።»

«የኛማ ኮሶ የኛን ብርድ ያውቀዋል» አሉ፤ ከዚያም ዝም ብለው ጥቂት ቆዩና «እኛ የገብስ ዘር ሲያልቅብን እንኳ ከቆላ ዘመድ አንበደርም። ይበቅላል፣ ያምራል፣ ሳያፈራ ይቀራል። አንተ የዚህን ዛፍ እናት አይተሃታል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አላየኋትም ነበር። ቆየት ብዬ ሳጣራ ዘሩ የተለቀመው ከአምባራስ እጅግ ዝቅ ካለ ሞቃት አካባቢ ሆኖ ተገኘ። ችግኝ አፍዪው አላጭበረበረንም፤ ውሉ የጠየቀውን በሙሉ አሟልቷል። ሥራውን ያዘዘው መሥሪያ ቤትም የርክክብ ሰነዱን አይቶ ከፍሏል። በሰነዱ ላይ ያለው ፊርማ ግን የእኔ ነው።

የዘር ሀብት ምንድን ነው?

አረጋዊው በአንድ ጥያቄ የገለጹልኝን ነገር ሳይንስ የደን የዘር ሀብት ወይም የዘረ መል ሀብት ይለዋል። ስለ ደን ስናስብ ዘወትር የምናስበው ስለ ስፋቱና ስለ ዓይነቱ ነው፤ ይህን ያህል ሄክታር፣ ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራ እንላለን። ነገር ግን በአንድ ዓይነት ዛፍ ውስጥም ሰፊ ልዩነት አለ። አንዱ ኮሶ ውርጭን ይችላል፤ ሌላው ድርቅን ይቋቋማል፤ ሦስተኛው ቀጥ ብሎ ያድጋል። ይህ ልዩነት ከወላጅ ወደ ልጅ የሚተላለፍ ሲሆን፣ በብዙ ትውልድ ውስጥ የአካባቢው ብርድ፣ ዝናብና በሽታ እያበጠረ ያቆየው ነው።

የልዩነቱ ጥቅም ሁለት ነው። አንደኛ፣ ለአንድ ሥፍራ የሚስማማውን ዘር ለመምረጥ ያስችላል። ሁለተኛ፣ የአየር ጠባይ ሲለወጥ ወይም አዲስ ተባይ ሲነሣ ከብዙዎቹ መካከል የሚተርፍ እንዲኖር ያደርጋል። ዛፍ እንደ እንስሳ ሸሽቶ አያመልጥም፤ በቆመበት መቻል አለበት። የሚችልበትም አቅም በዘሩ ውስጥ ካለው የልዩ ልዩነት ክምችት የሚመጣ ነው። አንድ የዛፍ ዓይነት በቁጥር ሳይጠፋ ይህ ክምችት ሊሟጠጥ ይችላል። ጉዳቱ ለዓይን የማይታይ በመሆኑም የሚታወቀው ዘግይቶ ነው።

ነገሩን በእኛ ሙያ ልመስለው። ብረት ስንገዛ የፋብሪካውን የምርመራ ወረቀት እንጠይቃለን። ኮንክሪት ስናፈስ ናሙና ወስደን በ7ኛውና በ28ኛው ቀን ሰብረን ጥንካሬውን እንለካለን። ለአርባና ለሃምሳ ዓመት አፈር እንዲይዝልን ለምንተክለው ዛፍ ግን ቁጥሩንና ቁመቱን ብቻ ጠይቀን እንፈርማለን።

በዓለም አቀፍ ደረጃ የተደረገው ጥረት

ይህ ጉድለት የኛ ብቻ አልነበረም። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ስለ ደን የዘር ሀብት የሚመክር የባለሙያዎች ጉባኤ ያቋቋመው በ1968 ነው። በዚያ ዘመን ብዙ አገሮች ፈጥነው የሚያድጉ ዛፎችን በሰፊው ይተክሉ ስለነበር ዘሩ ከየት ይምጣ የሚለው ጥያቄ የገንዘብ ጥያቄ ሆኖ ነበር። ከአውስትራሊያ ልዩ ልዩ አካባቢዎች የተለቀመ የቀይ ባሕር ዛፍ ዘር በብዙ አገሮች ጎን ለጎን ተተክሎ በተመረመረ ጊዜ የአንዱ ምንጭ ከሌላው ምንጭ እጅግ የራቀ ሆኖ ተገኘ። ከደቡብ ምሥራቅ አውስትራሊያው የአልባኩትያ ሐይቅ አካባቢ የመጣው በክረምት ዝናብ በሚያገኙት የሜዲትራኒያን አገሮች ሲሳካለት፣ ከሰሜን ምሥራቁ ከፔትፎርድ የመጣው ደግሞ በሐሩር አገሮች በለጠ። ዛፉ አንድ ነው፤ ስሙም አንድ ነው፤ ውጤቱ ግን ለየቅል ነው።

አገራችን በዚህ ታሪክ ውስጥ ቀደም ብላ ትገኛለች። በ1964 እና በ1965 ይኸው ድርጅት የላከው የባለሙያዎች ቡድን በኢትዮጵያ ደኖች እየተዘዋወረ የቡና ዘር ለቅሟል። ቡና በመሠረቱ የደን ዛፍ መሆኑን አንርሳ። በዓለም ላይ የሚለማው የአረቢካ ቡና ከጥቂት እናት ዛፎች የተራባ ስለሆነ የዘር ልዩነቱ ጠባብ ነው፤ ስለዚህም ለቅጠል ዝገት በሽታ በቀላሉ ይጋለጣል። መድኃኒቱ የሚፈለገው በትውልድ አገሩ በኢትዮጵያ ደኖች ነበር። ያኔ የተለቀመው ዘር በልዩ ልዩ አገሮች ተተክሎ፣ ኮስታ ሪካ ውስጥ ያለው ክምችት እስከ ዛሬ ለተመራማሪዎች ያገለግላል።

ከዚህ ታሪክ ሌላ ጥያቄ ተወለደ፤ ዘሩ የማን ነው? ጥቅሙስ ለማን ይድረስ? በ1992 የተፈረመው የብዝኀ ሕይወት ስምምነት አገሮች በዘር ሀብታቸው ላይ ያላቸውን ሉዓላዊ መብት አረጋገጠ፤ በ2010 የጸደቀው የናጎያ ፕሮቶኮል ደግሞ የጥቅም አከፋፈሉን በዝርዝር ደነገገ። ኢትዮጵያም በ2006 ስለ ዘረ መል ሀብት አጠቃቀምና ስለ ማኅበረሰብ መብት አዋጅ ቁጥር 482ን አውጥታለች።

የመላውን ዓለም የደን ዘር ሀብት በአንድ ሰነድ የመመዝገቡ ሥራ ግን ዘግይቶ የመጣ ነው። ለሥራው የመንግሥታት የቴክኒክ ቡድን በ2009 ተቋቋመ፤ በ2013 የድርጊት መርሐ ግብር ጸደቀ፤ በ2014 ደግሞ የመጀመሪያው የዓለም ሪፖርት ታተመ። 86 አገሮች ያቀረቧቸው ሪፖርቶች 8000 ያህል የዛፍ፣ የቁጥቋጦ፣ የዘንባባና የቀርከሃ ዓይነቶችን ጠቅሰዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ ታስቦባቸው የሚያዙት ወደ 2400 ገደማ ብቻ ነበሩ። በ2021 የወጣ ሌላ የዓለም ጥናት ደግሞ በምድር ላይ ካሉት 58500 ያህል የዛፍ ዓይነቶች መካከል 30 ከመቶው የመጥፋት አደጋ እንዳንዣበበባቸው አመልክቷል። ሁለተኛው የዓለም ሪፖርት በ2025 ወጥቷል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል። ሪፖርቱ በሮም ይታተም እንጂ መረጃው የሚለቀመው እንደ አምባራስ ባሉ መንደሮች ነው። አንድ ዛፍ የት እንደቆመ፣ ስንት እንደቀረ፣ ዘሩ መቼ እንደሚደርስ በአገሩ መዝገብ ውስጥ ካልተጻፈ በዓለም መዝገብ ውስጥ ሊገኝ አይችልም።

በአገራችን

በኢትዮጵያ የዕፅዋት የዘር ሀብት ማዕከል የተቋቋመው በ1976 በጀርመን መንግሥት እርዳታ ነው። ማዕከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬውን ዘር ከገበሬው ማሳ ሳይለዩ የመጠበቅን ዘዴ በማስፋፋታቸው በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብለዋል። ማዕከሉ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት ሆኗል።

ለስንዴና ለገብስ የተሠራው ዘዴ ግን ለዛፍ ሁሉ አይሆንም። የገብስ ዘር ደርቆና ቀዝቅዞ ለብዙ ዓመታት ይቀመጣል። ከዛፎቻችን መካከል ግን እንደ ጥቁር እንጨት ያሉት ዘራቸው ሲደርቅ ቶሎ ይሞታል፤ በማቀዝቀዣ ክፍል ሊቀመጡ አይችሉም። ቡናም እንዲሁ ነው። በጅማ አካባቢ በጮጬ የቡና ዘር የሚጠበቀው በመሬት ላይ ተተክሎ የመሆኑ ምክንያትም ይኸው ነው። ስለዚህ ለብዙዎቹ ዛፎቻችን የዘር ባንኩ ደኑ ራሱ ነው።

ሦስት ምሳሌዎች ላቅርብ። የመጀመሪያው ኮሶ ነው። ኮሶ ወንድና ሴት ዛፉ የተለያየ ነው። አባቶቻችን ለመድኃኒት የሚፈልጉት የሴቲቱን አበባ በመሆኑ ዘር የምትሰጠው ዛፍ አበባዋን ተለቅማ ዘር ሳትበትን ትቀራለች፤ በዚህ ላይ እንጨቱ ለሳንቃና ለማገዶ ይፈለጋል። በአገራችን ልዩ ልዩ አካባቢዎች ባሉ የኮሶ ዛፎች ላይ የተደረጉ የዘረ መል ምርመራዎች የአንዱ አካባቢ ኮሶ ከሌላው በግልጽ የሚለይ መሆኑን አሳይተዋል። የአምባራሱ አረጋዊ ያለ ላቦራቶሪ የነገሩኝ ይህንኑ ነበር።

ሁለተኛው ጥቁር እንጨት ነው። ቅርፊቱ ለውጭ አገር መድኃኒት ፋብሪካዎች ስለሚፈለግ በአፍሪካ ልዩ ልዩ አገሮች ዛፉ እየተላጠ አልቋል፤ ከ1995 ጀምሮ ንግዱ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ነው።

ሦስተኛው ከዚህ ተራራ ወርደን በመተማና በተከዜ ቆላ የምናገኘው የዕጣን ዛፍ ነው። በ2019 የታተመ ሰፊ ጥናት ከተመረመሩት የዕጣን ደኖች ከሦስት አራተኛ በሚበልጡት ውስጥ ወጣት ዛፍ አለመገኘቱን አስታወቀ። የቆሙት ዛፎች ሽማግሌዎች ናቸው፤ ተተኪ የላቸውም። በዚሁ ከቀጠለ በሃያ ዓመት ውስጥ የዕጣኑ ምርት በግማሽ እንደሚቀንስ ተገምቷል። ምክንያቶቹም ያለ ዕረፍት መድማት፣ እሳት፣ የከብት ግጦሽና ተባይ ናቸው። በሩቅ ሆኖ ለሚያየው ደኑ አለ፤ ቀርቦ ለሚመረምረው ግን እየሞተ ነው።

ከተቋማት ሁሉ ቀድማ የዛፍ ዘር የጠበቀችልን ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ማንሣት ተገቢ ነው። በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ በተደረገ ጥናት 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ ተመዝግቧል። ደኖቹ ግን አነስተኛና በእርሻ መካከል የተነጣጠሉ ናቸው። ተነጥሎ የቆየ ዛፍ እርስ በርሱ ከዘመዱ ጋር ስለሚዳቀል ዘሩ ውሎ አድሮ ይዳከማል።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም በ1969 ሲቋቋም ዋናው ዓላማ ዋልያን ማዳን ነበር። ፓርኩ በ1978 ከመጀመሪያዎቹ አሥራ ሁለት የዓለም ቅርሶች መካከል ተመዘገበ፤ በ1996 በአደጋ ላይ ካሉት ተራ ገባ፤ በ2017 ከዚያ ወጣ። ለእኛ ግን ፓርኩ ከዋልያው በተጨማሪ የአስታው፣ የአሜጃው፣ የጅብራውና በገደሉ ሥር የተረፈው የኮሶ ዘር መጠበቂያ ነው። በ2019 በተራራው ላይ ሰደድ እሳት በተነሣ ጊዜ ለማጥፋት ከእስራኤል ጭምር እርዳታ መጥቷል። ያን ጊዜ ስለ ዋልያው ብዙ ተነጋግረናል፤ አብሮ ስለተቃጠለው የአስታ ዘር ግን የተናገረ ሲኖር አልሰማሁም።

በዚያው ዓመት ሐምሌ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። የሕዝቡ ተነሣሽነት የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ይህን ያህል ችግኝ ይህን ያህል ዘር ይጠይቃል፤ ዘሩም ከቅርቡና ከቀላሉ ዛፍ ከተለቀመ ጥቂት እናቶች የሚሊዮኖች ወላጅ ይሆናሉ። ይህንኑ ጉድለት ለመሙላት ከ2017 ጀምሮ በኖርዌይ እርዳታ ጥራት ያለው የዛፍ ዘር የማቅረብ ፕሮግራም በአገራችን ተጀምሯል።

የእኛ ድርሻ

አንዳንዶቻችሁ ይህ የደን ባለሙያው ሥራ ነው ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዚያ እል ነበር። ሆኖም ዛፉን የሚያስቆርጠው የመንገድ መስመር፣ የግድብ ሥፍራና የኤሌክትሪክ ምሰሶ የእኛ ሥራ ነው። መልሶ እንዲተከል የሚያዘውም የእኛ ውል ነው። ስለሆነም አራት ሐሳቦችን ለማኅበሩ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ በሥራ ውሎቻችን ውስጥ «አገር በቀል ችግኝ» የሚለው ብቻ አይበቃም። ዘሩ የተለቀመበት ሥፍራ፣ ከፍታውና የእናት ዛፎቹ ብዛት በጽሑፍ እንዲቀርብ ይጠየቅ። ዘር ከአንድና ከሁለት ዛፍ ሳይሆን ተራርቀው ከቆሙ ቢያንስ ከሠላሳ ያላነሱ ዛፎች መለቀም ይኖርበታል።

ሁለተኛ፣ ቀያሾቻችን ወንዝና ቤት በካርታ ላይ እንደሚያሠፍሩ ሁሉ ትልልቅ እናት ዛፎችንም ያሥፍሩ። መስመሩን አሥር ሜትር ማዛወር የሚያስከፍለን ጥቂት ነው፤ የመጨረሻዋን ሴት ኮሶ መቁረጥ ግን የማይመለስ ዕዳ ነው።

ሦስተኛ፣ መቆረጡ ግድ ከሆነ ዘሩ ከመቆረጡ በፊት ይለቀም። ይህም የሥራውን መርሐ ግብር ከዛፉ የማፍሪያ ወር ጋር ማጣጣም ማለት ነው። ለሲሚንቶ መርከብ እንጠብቅ የለምን? ለዘር አንድ ወቅት መጠበቅ አያቅተንም።

አራተኛ፣ ርክክቡ በተተከለበት ወር አይሁን። ችግኙ ሁለት በጋ ካለፈ በኋላ የጸደቀው ተቆጥሮ ይከፈል፤ የሚንከባከበውም የአካባቢው ሰው ደመወዙ በውሉ ውስጥ ይግባ።

ወጪው ይጨምራል፤ አልክድም። ነገር ግን በአምባራስ ለ4000 ችግኝ የተከፈለው ገንዘብ ከመቶ ላነሰ ችግኝ እንደተከፈለ ብናስበው ርካሹ ሥራ የትኛው እንደነበር ይታያል።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ ለምትሉኝ፣ በሁለተኛው ዓመት ከመንደሩ ሰዎች ጋር ዘር ለመልቀም ወጣን። በአንድ ቀን እንጨርሰዋለን ያልነው ሥራ ሳምንት ፈጀ፤ ዘር የያዘች ሴት ኮሶ ማግኘት እንደዚያ አስቸጋሪ ይሆናል ብዬ አልገመትኩም ነበር። የሚፈለገውን ያህል እናት ዛፍ ስላላገኘን የተዳፋቱን የላይኛውን ክፍል ለአስታ ተውነው፤ ከከብት ከልለን ራሱ እንዲመለስ አደረግን። ትናንት በስተግራችሁ ያያችሁት ቁጥቋጦ ያ ነው። ኮሶው ከታች ነው፤ ከሰው ቁመት ጥቂት አልፏል። ሁሉም አልጸደቀም። የጸደቀው ግን ስድስት የውርጭ ወቅት አሳልፏል።

ያን ጊዜ የጠየቁኝ አረጋዊ ዛሬ በሕይወት የሉም። ጥያቄያቸው ግን በእኔ ዘንድ አለ፤ ከዛሬ ጀምሮም በእናንተ ዘንድ እንዲኖር እለምናለሁ። ከእንግዲህ ለችግኝ ሰነድ ብዕር ስታነሡ፣ ከመፈረማችሁ በፊት የዛፉ እናት የት እንዳለች ጠይቁ። መልስ የሚሰጥ ሰው ከታጣ አትፈርሙ።